ከጎታ የወጡ መጻሕፍት

በ1973 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ለደብረ ታቦር ከተማ የሕዝብ ንባብ ቤት ሊከፈትለት ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ በተለፈፈ ጊዜ እልል ያለ ሰው አልነበረም። ከተሜው መጽሐፍ ጠልቶ አይደለም። የጠላው ቤቱን ነው።

ቤቱ ከገበያው ከፍ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው የድንጋይ መጋዘን ነበር። ያሠራው አንድ የጨው ነጋዴ ነው፤ በስድሳ ሰባት ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና ቀበሌው እህል አከማቸበት። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደግሞ እህሉ ወጣና የሰው ልጅ ገባበት። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየተለቀሙ የመጡ ልጆች በዚያ መጋዘን ሰነበቱ። እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው በር ላይ ዋሉ። አንድ ቀን ጠዋት መኪና መጥቶ ልጆቹን ወደ ጎንደር ጫናቸው። የስንቅ ዕቃው ለእናቶቹ ተመለሰ፤ ልጆቹ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ የምትወርድ እናት ሁሉ በዚያ በር ላለማለፍ በታችኛው መንገድ ዞራ ትሄድ ነበር።

አሁን መጋዘኑ በኖራ ተቀብቶ፣ መስኮት ተከፍቶለት፣ በሩ ላይ «የሕዝብ ንባብ ቤት» የሚል ቀይ ሰሌዳ ተሰቀለበት። የቀረው ሰው ማስቀመጥ ነው። በአውራጃው የመምህራን ስብሰባ ላይ «ማን ይያዘው?» ተብሎ ሲጠየቅ መምህሩ ሁሉ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። እጁን ያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአማርኛው መምህር ይርጋ።

ይርጋ ያን ጊዜ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ጀምሮ ብቻውን የሚኖር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ የጨበጠ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ሥራ ሸሸ» አሉት። «ካድሬነት አምሮት ነው» ያለም አልጠፋ። እውነቱን የሚያውቀው ግን እሱ ራሱ ብቻ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ መቆም አቅቶታል። ስም ሲጠራ «ሞላ» የሚለው ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሞላ የሚባል ተማሪ ደግሞ በዚያ አገር ከአንድም ክፍል አይጠፋም።

ከአዲስ አበባ በሦስት ካርቶን የመጡት መጻሕፍት ሲቆጠሩ መቶ ሃያ ሆኑ፤ ሲታዩ ግን አራት ነበሩ፤ እያንዳንዱ ሠላሳ ሠላሳ ቅጂ። አናጢው ከባሕር ዛፍ ሳንቃ ሁለት መደርደሪያ ሠራ፤ እንጨቱ እርጥብ ኖሮ በወሩ ተጣመመ። ይርጋ በማስመሪያ እያሰመረ መዝገብ አዘጋጀ፦ ተራ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የተገኘበት ዕለት፣ የሰጪው ስም። የሰጪው ስም ዓምድ «መንግሥት፣ መንግሥት፣ መንግሥት» እያለ እስከ ገጹ ግርጌ ወረደ።

ጠዋት ከፍቶ ይቀመጣል። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው የሳምንት ጋዜጣ ያገላብጣሉ። ከመድኃኔ ዓለም የመጣ አንድ ዲያቆን ሰሌዳውን አንብቦ «ንባብ ቤትማ እኛም አለን፤ የእናንተው ዜማ የለውም እንጂ» ብሎ ስቆ ሄደ። ተማሪ ግን ድርሽ አይልም። ይርጋ መጻሕፍቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲደረድር ይውላል። ወለሉን ራሱ ይጠርጋል። ሲጠርግ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ላይ ከኖራው ሥር በምስማር የተፋቀ ነገር እንዳለ አይቷል። ምን እንደሆነ ለማየት ግን አልደፈረም።

የካቲት ሲጋመስ፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴት አህያ እየነዱ ከደጁ ቆሙ። አህያው ላይ ጆንያ ተጭኗል። ይርጋ ገና በመስኮት ሲያያቸው አወቃቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ ነበሩ፤ የሞላ እናት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ መሬቱን በእኩል እያሳረሱ አንድ ልጃቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው።

«እንዴት ዋሉ መምህር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ እትዬ ብዙነሽ?»

«መጽሐፍ ትቀበላላችሁ አሉኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፤ እንቀበላለን።»

«እንግዲያው ያውርዱልኝ። የልጄ ነው።»

ይርጋ ጆንያውን ታቅፎ ገባ። ሴትዮዋ ግን ከደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ አዲሱን መስኮት አዩ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አማትበው ገቡና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያን ሰሞን ሰው ሁሉ መጽሐፉን አቃጠለ» አሉ። «ወንዝ የጨመረም አለ፣ ሽንት ቤት የጨመረም አለ። እኔ እሳት አላስነካውም አልኩ። ጎታውን ገለበጥኩና ከሥር ደርድሬ ገብሱን መልሼ ሞላሁበት። አብዮት ጠባቂዎቹ ሦስት ጊዜ መጡ፤ ጎታውን በዘንግ ወግተው እህል ነው ብለው ሄዱ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው?»

«እህሉ ወደ ታች ሲወርድብኝ ገበያ ወጥቼ ገብስ እሸምትና እጨምርበታለሁ። እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ ጎታውን አበላሁት፣ መምህር። እንዳይራቆት ብዬ።»

ይርጋ ጆንያውን መፍታት ጀመረ። ገብስ ገብስ የሚል ሽታ ወጣ።

«አሁን ታዲያ ምን አመጣዎት?»

«ነቀዝ ገባው። ደግሞም…» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ልጄ መጨረሻ ያደረው እዚህ ነው። እሱ ከዚህ ወጥቶ አልተመለሰልኝም። መጽሐፉ እንኳ ገብቶ ይኑር ብዬ ነው።»

ሠላሳ አንድ መጻሕፍት ነበሩ። የፊዚክስና የሂሳብ፣ የዓለም ታሪክ፣ ዳር ዳሩ የተበላ መዝገበ ቃላት፣ ሰባት ልብ ወለድ፣ አንድ ዳዊት። እናትየው ከሄዱ በኋላ ይርጋ አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ ሲገልጥ በገጾቹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ አገኘ። ጽሑፉ ቀጭን ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የ«መ» ሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው ያንሳል። ያን የእጅ አጣጣል ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። በሰባተኛ ክፍል፣ ብዕር አያያዝ ጠፍቶበት የነበረውን ልጅ ጣቶቹን በጣቶቹ ይዞ ያስጻፈው እሱ ነው።

በ1970 መጋቢት ላይም ያንኑ ጽሑፍ አይቶ ነበር። ቀበሌው አስጠራው። የወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር ተሸጉጦ የተገኘ የተከለከለ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ስም የለበትም፤ ኅዳጉ ግን በእርሳስ ተሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ጌጡ ሻይ አስመጣለትና «መምህር፣ የተማሪዎችህን እጅ ጽሑፍ መቼም ታውቃለህ። የማን ነው?» አለው። አልተመታም። ሽጉጥ አልተመዘዘበትም። ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ለመሄድ ብቻ ነበር የፈለገው። እናም «የሞላ ይመስለኛል» አለ። ይመስለኛል የምትለዋ ቃል የምታድነው፣ ምናልባትም ልጁን የምታድን መስላው ነበር። በማግሥቱ ሞላ ተያዘ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው መጣ።

ይርጋ መጽሐፉን ዘጋ። ከዚያ መዝገቡን አወጣና ከሠላሳ አንዱ መጻሕፍት አጠገብ፣ የሰጪው ስም በሚለው ዓምድ ውስጥ «ወ/ሮ ብዙነሽ» ብሎ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጻፈ።

ወሬ እግር የለው ይሄዳል። መጀመሪያ ማሬ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የፊዚክሱን መጽሐፍ ፍለጋ መጣች። በሳምንቱ አምስት ሆነው መጡ፤ ማትሪክ ደርሶባቸዋል፤ ትምህርት ቤቱ ለስድሳ ተማሪ ያለው የፊዚክስ መጽሐፍ አራት ብቻ ነው። በሚያዝያ አግዳሚ ወንበሮቹ አልበቃ ብለው ወለሉ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ግድግዳው ሥር ተደግፈው ሲያነቡ ቤቱ ሌላ ቤት መሰለ።

ወይዘሮ ብዙነሽም ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ይመጡ ነበር። ስልሳ የሚጠጋ ዕድሜያቸውን ይዘው መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል እየለዩ ነው። ጥግ ይዘው ይቀመጡና የልጆቹን እጅ ያያሉ። ገጽ የምታጥፍ ተማሪ ካዩ «እናቴ፣ ቀስ በይ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይናገሩም። ሲወጡ ይርጋን ይመርቁታል።

«እርስዎን ያቆይልን መምህር። ልጄን ያስተማሩ፣ አሁን ደግሞ ቤቱን ያሞቁለት። ዕድሜዎን እንደ አብርሃም ያድርግልዎት።»

ምርቃቱ እየከበደው ሄደ። ከእርግማን የባሰ ሆነበት። በግንቦት አጋማሽ አንድ ቀን፣ ሴትዮዋ ሊወጡ ብድግ ካሉ በኋላ ዞር ብለው «ያን ልጅ የጠቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዳልሞት እመቤቴን እለምናታለሁ» አሉት። «ምን ላደርገው ነው? ምንም። ግን ሰላም የምለውን ሰው ማወቅ አለብኝ አይደል?»

ይርጋ በማግሥቱ ነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደ። አባ ገብረመድኅን ዓይናቸው የደከመ፣ ቃል የማያባክኑ ካህን ናቸው። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ይህን ለእኔ ስትነግረኝ ስንተኛህ ነው?»

«አራተኛዬ ነው አባ።»

«ቀኖናውንስ አደረስክ?»

«አድርሻለሁ። ጾሜያለሁ፣ ሰግጃለሁ።»

«እንግዲያው ለእግዚአብሔር ነግረኸዋል። እግዚአብሔር ደግሞ መስማት አይሳነውም። ያልነገርካት እሷን ነው» አሉት። ከዚያ በቀር ምንም አልጨመሩም።

ሰኔ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ሄደ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከደጃፋቸው ቁርበት ላይ ተቀምጠው የዘር ገብስ ይለቅማሉ። «እሰይ፣ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ» ብለው ሊነሡ ሲሉ «አይነሡ» አላቸው። አልተቀመጠም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከመጽሐፉ ጀምሮ፣ ሻዩን ሳይቀር ነገራቸው። «ይመስለኛል» ያለውንም ነገራቸው። ያችን ቃል ሁለት ጊዜ ጠራት።

ሴትዮዋ ከገብሱ ላይ እጃቸውን አላነሡም። አንድ እንክርዳድ ለቅመው ጣሉ። ሌላ ለቀሙ።

«ሻይ» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ አባቶቻችን። የወለድኩት ጠፋ። አንተ የተናገርከው ግን ይኸው አልጠፋም፤ ከደጃፌ ድረስ መጣ።» ቀና ብለው አዩት። እስከዚያች ዕለት አንተ ብለውት አያውቁም ነበር። «ሂድ። ዝናብ ሳይዝህ ሂድ።»

በሦስተኛው ቀን አህያቸውን ይዘው መጡ። ተማሪ አልነበረም፤ ፈተና አልቋል። ከደፉ ላይ ቆመው «የልጄን መጽሐፍ አምጣ» አሉ። ይርጋ ምንም አልተከራከረም። ሠላሳ አንዱንም ከመደርደሪያ አውርዶ በጆንያ ከተተ፣ አህያው ላይ አጥብቆ ጫነ። ሴትዮዋ ጭነቱን እንደገና ፈትተው በራሳቸው እጅ ጫኑት። ከዚያ ሳይሰናበቱት ሄዱ። ይርጋ መዝገቡን ገልጦ ሠላሳ አንዱንም ስሞች እስከማይነበቡ ድረስ ሰረዘ።

በአገሩ አነጋገር ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሐምሌ ላይ ንብረት ቆጣሪ መጣና መዝገቡን ገለጠ። ይርጋ ቀበሌ ተጠርቶ፣ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ መካከል ተነሥቶ ቆመ። ጓድ ጌጡ መዝገቡን እያውለበለበ «ጓድ ይርጋ፣ ከሕዝብ ንብረት ሠላሳ አንድ መጽሐፍ የት አደረስክ?» አለው።

እውነቱን ቢናገር ሴትዮዋ በፀረ አብዮተኛ መጽሐፍ ደባቂነት ይጠየቃሉ። ይህን ያውቃል። አንድ ጊዜ በዚያ ሰው ፊት አፉን ከፍቶ ያየውን አይቷል።

«ነቀዝ በልቷቸው ነበር። ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት ጣልኳቸው» አለ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። የእኔ ጥፋት ነው።»

ግለ ሂሱን አንድ ሰዓት ሙሉ አስነበቡት። ማስጠንቀቂያው በፋይሉ ገባ። ስሙ በከተማው «መጽሐፍ ያስበላ» ሆኖ ዋለ። ይርጋ ወደዚያ ቤት ተመልሶ ወለሉን ጠረገ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቹ መጡ፤ መደርደሪያውን አዩ፤ ተመለሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ። ይርጋ ቤቱ የሞተ መሰለው። ኅዳር ላይ ግን ማሬን መንገድ ላይ አገኛት። ማትሪክ አልቀናት ብሎ ደግማ ልትፈተን ነው። የያዘችውን መጽሐፍ ነጠላዋ ውስጥ ልትደብቅ ስትል ሽፋኑን አወቀው፤ የፊዚክሱ ነው።

«ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ ፈራች። ከዚያ «ከእማማ ብዙነሽ ቤት ነው» አለችው። «ለምኜያቸው ሰጡኝ። አሁን ብዙ ነን፤ አሥራ ስድስት እንሆናለን። መደቡ ላይ ተቀምጠን እናነባለን። እማማ ደግሞ እኛን ‹ፊደል አስጠኑኝ› ይሉናል።»

ይርጋ መጀመሪያ ልቡ ሞቀ። ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ግን ቀዘቀዘ። አሥራ ስድስት ወጣት፣ በአንዲት ባልቴት ጎጆ፣ በጆንያ የመጣ መጽሐፍ ዙሪያ! ሰባ ዓመተ ምሕረት የጀመረውም እንዲህ ነበር። በዚያው ሳምንት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲገባ አንድ አብዮት ጠባቂ ለሌላው «በጋፋት መንገድ ወጣት የሚሰበሰብበት ቤት አለ አሉ፤ ቅዳሜ እንየው» ሲል በጆሮው ሰማ።

ዓርብ ጠዋት እየሮጠ ሊባል በሚችል አካሄድ ሄደ። አጥሩ ጋ ቆመ፤ ወደ ግቢው አልገባም።

«እትዬ ብዙነሽ!»

ወጡ። ሲያዩት ፊታቸው እንደ ድንጋይ ሆነ።

«ነገ ሊመጡ ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ። ልጆቹን እዚህ እንዳያገኟቸው።»

ሴትዮዋ የጎጆአቸውን ምሰሶ ያዙ። ከውስጥ የሁለት ሴት ልጆች የማንበብ ድምፅ ይሰማል፤ አንዷ ትሳሳታለች፣ ሌላዋ ታርማታለች።

«የሰው ልጅ ደግሞ እኔ ቤት ሊያዝ?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እሱ። «እዚያ ንባብ ቤት ቢያነቡ የሚጠይቃቸው አለ እንዴ?»

«ማንም አይጠይቃቸውም። ሰሌዳ አለው፣ ማኅተም አለው። መንግሥት አንብቡ ብሎ የከፈተው ነው።»

«መጽሐፎቹ ይመለሳሉ።»

«እኔ አሁኑኑ—»

«አልጨረስኩም» አሉት። «መጽሐፎቹ ይመለሳሉ። አንተ ግን ከዚያ ቤት ውጣ። የልጄን ጽሑፍ ዳግመኛ በእጅህ አትንካ። ይህን ካደረግህ ዛሬውኑ አመጣለሁ። ካላደረግህ ጎታዬ አለ።»

ይርጋ ያን ቤት እንደ ንስሐው አድርጎ ይዞት ነበር። መጥረጉንም፣ ማሰመሩንም፣ የተጣመመውን መደርደሪያ መደገፉንም። ያለዚያ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ቢሆንም ለመመለስ አልዘገየም።

«እወጣለሁ» አለ።

በዚያው ቀን የዝውውር ማመልከቻ ጻፈ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ዓለሚቱ ነበረች፤ ደብዳቤውን ስትመታ «ወዴት ይበል?» አለችው። «ወደሚፈልጉት» አላት። ለቦታው ማን ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ ያችኑ ዓለሚቱን ጠቆመ፤ ሥርዓት አዋቂ፣ ሰው የምታከብር ልጅ ናት። የሚሸሸውን ሥራ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ሳይከራከሩ በዚያው ሰዓት ሰጧት። ቁልፉን፣ ማኅተሙንና መዝገቡን በፊርማ አስረክቧት ወጣ።

መጻሕፍቱ በዚያው ዓርብ ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ገቡ። ዓለሚቱ በኋላ እንደነገረችው፣ መዝገቡን ገልጣ «የሰጪው ስም ማን ይባል፣ እማማ?» ስትላቸው «ሞላ በይው» አሏት። ሞላ ብላ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጻፈች። ቅዳሜ አብዮት ጠባቂዎቹ ጎጆውን ሲፈትሹ ያገኙት አንዲት ባልቴት ፊደል ስትቆጥር ነው። ንባብ ቤቱን ያየው ጓድ ጌጡም መዝገቡን አገላብጦ ሞላ ማን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሞላ የሚባል ሰው በከተማው ሞልቷል።

ይርጋን ይፋግ መደቡት፤ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል። አገሩ ቆላ ቀመስ፣ መኪና የሚያልፍበት ነው። ስድስት ዓመት ተኩል ጠመኔና መጥረጊያ ሲያድል ኖረ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከዓለሚቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የምትጽፈው ሥራውን ብቻ ነው። በ1975 የጻፈችው ግን ደጋግሞ ያነበበው ነበር። እነዚያ በታችኛው መንገድ ዞረው ይሄዱ የነበሩ እናቶች አንድ በአንድ ወደ ንባብ ቤቱ መምጣት ጀምረዋል። አንዷ ከመሬት ቆፍራ ያወጣችውን በቆዳ የተጠቀለለ አምስት መጽሐፍ አመጣች። አንዷ ከንብ ቀፎ ውስጥ ያወጣችውን፣ ሰም የነካው መዝገበ ቃላት። አንድ አባት ከግድግዳ ጭቃ መሐል ያወጣውን። «ሁሉም ስም ያስጽፋሉ» ትላለች ዓለሚቱ፣ «የራሳቸውን ግን አይደለም። እኔም ያሉኝን እጽፋለሁ። መደርደሪያ አነሰን። እማማ ብዙነሽ አሁን ያነባሉ፤ ቀስ ብለው ነው፣ ግን ያነባሉ።»

በ1980 ጡረታ ወጥቶ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። ከተማው ወታደር በዝቶበታል፤ ጦርነቱ ወደ ደጋው እየቀረበ ነው ይባላል። ይርጋ ቤቱን ከፍቶ አቧራውን ጠረገና ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ወደ ንባብ ቤቱ ሄደ። ሊሠራበት አይደለም፤ ሊያነብ ነው። ለዚህም ቢሆን ፈቃድ እንዳለው አያውቅም ነበር።

ቤቱ ውስጥ መተላለፊያ የለም። መደርደሪያው አምስት ሆኗል፤ ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ወይዘሮ ብዙነሽ መነጽር አድርገው ጥጋቸው ላይ ናቸው፤ ጣታቸው ከመስመር መስመር ይሄዳል። ይርጋ ከደፉ ሲደርስ ቀና አሉ። አዩት። መጽሐፉን ለዓለሚቱ መልሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በአጠገቡ አልፈው ወጡ። ይርጋም አልገባም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳግመኛ መጣ። ዳግመኛ ተነሥተው ወጡ። ይርጋ በመንገዱ ሁሉ ከእንግዲህ አልሄድም እያለ ተመለሰ። ሴትዮዋን ከልጃቸው ቤት ማስወጣት ሌላ በደል መሰለው። ወር ሙሉ ቀረ። ዓለሚቱ ናት በመጨረሻ መንገድ ላይ ያስቆመችው።

«ጋሼ፣ እማማ ጠየቁኝ» አለችው።

«ምን ብለው?»

«‹ያ ሰው ታመመ እንዴ?› ብለው።»

በዚያ ቅዳሜ ሄደ። ዝናብ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ይጮኻል። ወይዘሮ ብዙነሽ ጥጋቸው ላይ ነበሩ። ቀና አሉ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ይርጋ ባርኔጣውን አውልቆ ከበሩ መለስ ቆሞ ጠበቀ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና ጣታቸውን ወደ ተውት መስመር መለሱ። አልተነሡም። ሰላምም አላሉትም።

ይርጋ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓለሚቱ ጎንበስ ብላ «ምን ላምጣልዎት?» አለችው።

«ጋዜጣ» አላት። «ጋዜጣ ይበቃኛል።»

እስከ መዝጊያ ሰዓት ድረስ ሁለቱም በዚያ ቤት አነበቡ።